ሙያ፣ ትዳር፣ ፋብሪካ፦ የኤልፍሪዴ ዬሊኔክን «አፍቃሪዎቹ» ለመረዳት

ልብ ወለዱ የሚከፈተው አንባቢውን በአክብሮት በሚጠይቅ ድምፅ ነው። ሸለቆና ኮረብታ የሞላባትን ይህችን ውብ አገር ያውቋታል ወይ ይላል፤ አነጋገሩ ቱሪስት ለመሳብ ከሚታተም በራሪ ወረቀት የተቀዳ ይመስላል። ወዲያው ግን በዚያ ውብ መልክዐ ምድር መካከል አንድ ፋብሪካ ይታያል፤ በፋብሪካውም ውስጥ ሴቶች ተቀምጠው ጡት ማስያዣና ሌላ የሴት የውስጥ ልብስ ይሰፋሉ። ስለ እነዚህ ሴቶች የሚነገረው ነገር አጭር ነው፦ ብዙውን ጊዜ ያገባሉ፣ ወይም ደግሞ በሌላ መንገድ ይጠፋሉ። ይህን ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ሳነበው ዝም ብዬ አልፌው ነበር። ጥቂት ገጾች ከሄድኩ በኋላ ግን ተመልሼ «በሌላ መንገድ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ሰው «በሌላ መንገድ ይጠፋሉ» የሚለው የመጀመሪያውንም መንገድ መጥፊያ አድርጎ ሲቆጥረው ብቻ ነው። ጋብቻ ከጥፋት የሚያድን መሸሸጊያ ተደርጎ በሚታይበት ዓለም፣ ደራሲዋ ጋብቻን ከጥፋት ዓይነቶች እንደ አንዱ ቆጥራው አለፈች።

መጽሐፉ የታተመው በ1975 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲዋ ኤልፍሪዴ ዬሊኔክ በ1946 በኦስትሪያ፣ በሽታየርማርክ ክፍለ ሀገር፣ ሙርትስሱሽላግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዳ ቪየና ውስጥ አደገች። እናቷ ሙዚቀኛ ልታደርጋት ከልጅነቷ ጀምራ በጥብቅ ያሠለጠነቻት ስትሆን፣ በቪየና የሙዚቃ ትምህርት ቤት በኦርጋን ተጫዋችነት በ1971 ተመርቃለች። ከ1974 እስከ 1991 የኦስትሪያ ኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበረች። በ2004 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲሰጣት፣ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ መገኘት የሚያስጨንቃት በመሆኑ ወደ ስቶክሆልም አልሄደችም፤ ንግግሯን በቪዲዮ ቀርጻ ላከች። በማግሥቱ ዓመት ከስዊድን አካዳሚ አባላት አንዱ ሽልማቱ ለእሷ መሰጠቱን ተቃውሞ ከአካዳሚው መውጣቱን አስታወቀ። ጽሑፏ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰውን በሁለት ጎራ የሚከፍል ነበር፤ ይህ መጽሐፍም የዚያ ማሳያ ነው።

የጀርመንኛው ርዕስ «ዲ ሊብሃበሪነን» ነው። በአማርኛ «አፍቃሪዎቹ» ልንለው እንችላለን፤ ነገር ግን የጀርመንኛው ቃል መጨረሻው ላይ ያለው ምዕላድ አፍቃሪዎቹ ሴቶች መሆናቸውን በግልጽ ይናገራል፣ የእኛ የብዙ ቁጥር ደግሞ ጾታን አይለይም። ሌላም የሚጠፋ ነገር አለ። ጀርመኖች ያንኑ ቃል አንድን ዕቃ አብዝቶ ለሚወድ፣ የጥንት ሳንቲም ወይም አሮጌ መኪና ለሚሰበስብ ሰውም ይጠቀሙበታል፤ እንዲህ ያለው ሰው ለወደደው ዕቃ ከገበያው በላይ የሚከፍለውን ዋጋ የሚጠሩበት ከዚሁ የተገኘ ቃልም አላቸው። ስለዚህ ገና ከሽፋኑ ፍቅርና ዋጋ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠዋል። በርዕሱ ተስበው የፍቅር ታሪክ ፍለጋ የገቡ አንባቢዎች የሚያገኙት ስለ ሥራ፣ ስለ ንብረትና ስለ ሴት ገላ የተጻፈ፣ ምንም ማጽናኛ የሌለው ሒሳብ ነው።

ታሪኩ የሁለት ወጣት ሴቶች ነው። ብሪጊተ ከተማ ትኖራለች፤ በፋብሪካው ጡት ማስያዣ ትሰፋለች፤ ያለ ጋብቻ የወለደቻት እናቷም የሰፋችው ያንኑ ነው። ብሪጊተ ይህን ዕጣ መድገም አትፈልግም፤ ከፋብሪካው የምታወጣት መሰላል ሃይንዝ የሚባል ወጣት ነው። ሃይንዝ የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ሹፌር ልጅ ሲሆን ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ወደፊት የራሱን ሱቅ ለመክፈት አቅዷል። ብሪጊተ ሃይንዝን አትወደውም፤ እንዲያውም ትጠላዋለች፣ ገላው ሲነካት ትጸየፋለች፣ ግን ይህን ለማንም አትናገርም። የወላጆቹን ሽንት ቤት ተንበርክካ ትፈትጋለች፤ እናቱን ለማስደሰት የማትሆነው ነገር የለም። ዙዚ የምትባል የተሻለ ቤተሰብ ልጅ፣ ትምህርቷን የምትከታተል፣ ለሃይንዝ ደንታ የሌላት ልጅ በአጠገቡ ስትታይ የብሪጊተ ቀንና ሌሊት ሥጋት ይሆናል። በመጨረሻ ብሪጊተ ታረግዛለች፤ በእርግዝናዋም ሃይንዝን ታስረዋለች፤ ትጋባለች፤ ከፋብሪካውም ትወጣለች።

ጳውላ የምትኖረው ተራራ ሥር ባለች መንደር ነው። በመንደሩ የሴት ልጅ ሕይወት እንደ ወቅቶች ይሽከረከራል፦ እስክታገባ ድረስ በሱቅ ሻጭነት ትቀጠራለች፣ ከዚያ ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ቤት ትቀመጣለች፣ የወለደቻት ሴት ልጅ ደግሞ እንደገና ሻጭ ትሆናለች። ወንዶቹ በደን ሥራ ይደክማሉ፣ ይጠጣሉ፣ ቤት ገብተው ይደበድባሉ። ጳውላ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት አንድ እንግዳ ነገር ትጠይቃለች፦ ልብስ ስፌት መማር እፈልጋለሁ ትላለች። ወላጆቿ ሊሰሙት አይፈልጉም። እሷ ግን አጥብቃ ትይዛለች፤ ትምህርቱንም ትጀምራለች፤ መጽሐፉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ብርሃን የሚታይበት ቦታ ይህ ነው። ከዚያ ኤሪክ ይመጣል። ኤሪክ እንጨት ቆራጭ ነው፤ መልኩ ያምራል፣ ጸጉሩ ጥቁር ነው፣ ልቡ ያለው ከሞተር ሳይክል ጋር ነው፣ ከማሰብ ጋር ብዙም አልተዋወቀም። ጳውላ ከመጽሔትና ከፊልም የለቀመችውን ፍቅር ሁሉ እሱ ላይ ታፈስሰዋለች። ታረግዛለች፤ ወላጆቿ ይደበድቧታል፣ መንደሩ ይጠቋቆምባታል፣ የስፌት ትምህርቷ ይቋረጣል። ኤሪክ ዘግይቶም ቢሆን ያገባታል። ደመወዙን በመጠጥ ስለሚጨርሰው፣ እሷም ያለመችው ቤት እንዳይቀርባት ስለፈራች፣ በድብቅ ገላዋን መሸጥ ትጀምራለች። የመንደሩ ሰው ያያታል። ትፈታለች፣ ልጆቿን ታጣለች፤ በመጨረሻም የጡት ማስያዣው ፋብሪካ ውስጥ፣ ብሪጊተ ታሪኳን በጀመረችበት ቦታ፣ ሙያ የማይጠይቅ ስፌት ሠራተኛ ሆና ትቀራለች።

ይህን ታሪክ እንዲህ አሳጥሮ ለነገረው ሰው የሚመጣለት የመጀመሪያው ፍርድ የታወቀ ነው፤ አንዷ ብልህ ነበረች፣ ሌላዋ ሞኝ። መጽሐፉ ራሱም ይህን ፍርድ ሆን ብሎ ይጋብዛል፣ ምክንያቱም ተራኪው ብሪጊተን መልካም ምሳሌ፣ ጳውላን መጥፎ ምሳሌ እያለ ይጠራቸዋል። በእኛም አገር ይህን ዓይነት ምክር ያልሰማች ሴት ልጅ ያለች አይመስለኝም፤ እከሊትን እያት፣ እንደ እከሊት እንዳትሆኚ። ደራሲዋ ይህን የምክር ቅርጽ ወስዳ እስከ መጨረሻው ትሄድበታለች፤ እስከ መጨረሻው ስትሄድበትም ምክሩ ራሱ ይፈርሳል። መልካሟ ምሳሌ የምትጠላውን ሰው አግብታ ዕድሜ ልኳን አብራው ትኖራለች። መጥፎዋ ምሳሌ ደግሞ የተቀጣችው ስለ ወደደች፣ ከዚያም በፊት ሙያ ስለ ፈለገች ነው። ምሳሌዎቹ የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንዷ ያላትን ነገር በጥሩ ዋጋ ሸጣለች፣ ሌላዋ በስሜት ተነድታ ያለ ዋጋ ሰጥታዋለች።

እዚህ ላይ ካፒታሊዝም የሚለው ቃል ይገባል። በደርግ ዘመን የውይይት ክበብ ያሳለፈ አንባቢ ይህን ቃል እንደ መፈክር ሊያስታውሰው፣ ሰምቶም ሊሰለቸው ይችላል። ዬሊኔክ የፓርቲ አባል ብትሆንም በዚህ መጽሐፍ ውስጥ መፈክር አታሰማም፤ ጥያቄዋ እጅግ ተራ ነው፦ መሬት የሌላት፣ ማሽን የሌላት፣ ውርስ የሌላት፣ ትምህርት ያልተሰጣት ሰው ወደ ገበያ ይዛ የምትወጣው ምንድን ነው? ካርል ማርክስ በ1867 በታተመው ዋና ሥራው፣ የዘመናዊው ሠራተኛ ነፃነት ሁለት ፊት እንዳለው ጽፏል፤ ጉልበቱን ለፈለገው ለመሸጥ ነፃ ነው፣ ከጉልበቱ በቀር የሚሸጠው ምንም ነገር ስለሌለውም ከንብረት ሁሉ «ነፃ» ነው። በዬሊኔክ ልብ ወለድ ይህ ሠራተኛ ሴት ናት፤ ሴት በመሆኗም ለገበያ የምታቀርበው አንድ ተጨማሪ ዕቃ አላት፣ እሱም ገላዋ ነው። ጉልበቷን የሚገዛው ፋብሪካው ነው፤ የሚከፍላት ደግሞ ከወር ወር የሚያደርሳትን ያህል ነው። ገላዋን የሚገዛው ባል ነው፤ ዋጋውም ቤት፣ ስምና ከፋብሪካ መውጣት ነው።

ቋንቋችን ይህን ነገር ሳያስበው ይናገረዋል። በአማርኛ ሥራ ያገኘች ሴት «ሥራ ያዘች» ትባላለች፤ ያገባችም «ትዳር ያዘች» ትባላለች። የሚያዘው ነገር ሊያመልጥ የሚችል ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ሊይዘው የሚችል ነገርም ነው። የብሪጊተ ፍርሃት ሁሉ በዚህ ግሥ ውስጥ አለ። ዙዚን የምትፈራት በቅናት አይደለም፤ ቅናት ፍቅርን ይጠይቃል። የምትፈራት ለአንድ የሥራ ቦታ የተወዳደረ ሰው የተሻለ የምስክር ወረቀት ይዞ የመጣውን ሰው በሚፈራበት መንገድ ነው። ጊዜም ጠላቷ ነው፤ ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር ዋጋዋ እንደሚቀንስ ታውቃለች፤ ስለዚህ ውሉ ቶሎ መታሰር አለበት። ልጁ የውሉ ማሰሪያ ነው። ይህን ያህል ጨካኝ ነገር ያለ ምንም ጌጥ የተጻፈበት ልብ ወለድ ብዙ አላነበብኩም።

ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1884 ስለ ቤተሰብና ስለ ግል ንብረት አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ለጥቅም ተብሎ ስለሚደረግ ጋብቻ ሲናገር አንድ ከባድ ንጽጽር አድርጎ ነበር፤ እንዲህ ያለችው ሚስት ከሴተኛ አዳሪ የምትለየው ገላዋን እንደ ቀን ሠራተኛ ቆርጣ ቆርጣ ባለማከራየቷ፣ ይልቁንም አንድ ጊዜ ለዘለዓለም በመሸጧ ነው የሚል ነው። እኔ የዬሊኔክን ሁለት ሴቶች የማነባቸው በዚህ ንጽጽር ብርሃን ነው። ብሪጊተ አንድ ጊዜ ሸጠች፤ ማኅበረሰቡም አጨበጨበላት፣ ወግ ማዕረግ አየች አላት። ጳውላ ቆርጣ ሸጠች፤ ማኅበረሰቡ ልጆቿን ነጠቃት። ገዢው በሁለቱም በኩል ወንድ ነው፣ የተሸጠውም አንድ ነገር ነው። ጳውላ ገንዘቡን የፈለገችው ለምን እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ለቤት ነው፣ ለልጆቿ ነው፣ ማለትም መልካም ሚስት ልትፈልገው ይገባል ተብሎ ከልጅነቷ ጀምሮ ለተነገራት ነገር ነው። የተቀጣችው የማኅበረሰቡን ትምህርት ከልቧ ተቀብላ፣ ቀሪ በሆነላት ብቸኛ መንገድ ልትፈጽመው በመሞከሯ ነው።

መጽሐፉ የተጻፈበትን ጊዜ ማወቅ ብዙ ነገር ያብራራል። በኦስትሪያ በ1811 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር፤ ሚስት የእሱን መኖሪያ መከተል፣ ቤቱን ማስተዳደር፣ ትእዛዙንም መፈጸም ነበረባት። ይህ ሕግ ተሽሮ ባልና ሚስት በመብትና በግዴታ እኩል የተባሉት ከጥር 1 ቀን 1976 ጀምሮ ነው፤ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደረግ ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣ የሆነውም ገና በጥር 1975 ነበር። ስለዚህ ብሪጊተና ጳውላ የሚንቀሳቀሱት ያረገዘች ሴት ሕጋዊ ምርጫ ባልነበራት፣ ያገባች ሴት ደግሞ በሕግ የበታች በነበረችበት ዓለም ውስጥ ነው። የቻንስለር ብሩኖ ክራይስኪ መንግሥት እነዚህን ሕጎች መለወጡ ትልቅ ነገር ነበር። ዬሊኔክ ግን ሕግ ሲለወጥ አብሮ የማይለወጥ ነገር እንዳለ አስቀድማ ያየች ይመስለኛል፤ ሱቁ፣ ቤቱና ፋብሪካው የማን እንደሆኑ የቤተሰብ ሕጉ አይነካውም።

የቤት ውስጥ ሥራም እንዲሁ። ብሪጊተ ከፋብሪካ ወጥታ ወዴት ሄደች? ወደ ሌላ ሥራ ነው የሄደችው፤ ሽንት ቤት መፈተግ፣ ማብሰል፣ መውለድ፣ ማሳደግ፣ የባሏን ንግድ ማገዝ። ልዩነቱ ፋብሪካው ጥቂትም ቢሆን ይከፍላት ነበር፤ ይህኛው ግን ሥራ ተብሎ አይቆጠርም። እኛ ይህን ሥራ የምትሠራዋን «የቤት እመቤት» እንላታለን፤ እመቤት የሚለውን የክብር ቃል ያለ ደመወዝ ሰጥተናታል። ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ደግሞ ራሷ «ሥራ የለኝም፣ ቤት ነኝ» ትላለች። መጽሐፉ በታተመበት በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት 24 ቀን 1975፣ ከአይስላንድ ሴቶች ዘጠና በመቶ ያህሉ ከደመወዝ ሥራም ከቤት ሥራም እጃቸውን አንስተው ዋሉ፤ ፋብሪካዎችና ሱቆች ተዘጉ፣ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ፣ አገሪቱም ለአንድ ቀን ቆመች። ያን ቀን በዓይን የታየው ነገር ዬሊኔክ በልብ ወለዷ ያለችው ነገር ነው፤ የማይከፈልበት ሥራ ካልተሠራ የሚከፈልበትም ሥራ አይሠራም።

ይህን ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የአይስላንድ ሴቶች አንድ ላይ መቆም ከቻሉ፣ በዬሊኔክ መጽሐፍ ውስጥ ሴቶቹ ለምን አንድ ላይ አይቆሙም? ኦስትሪያ ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበር ያላት አገር ናት፤ ያም ሆኖ በልብ ወለዱ ውስጥ አንዲት ሴት ለሌላዋ የምትዘረጋው እጅ አይታይም። እናት ሴት ልጇን ትደበድባለች፤ የደረሰባት ሁሉ በልጇ ላይ ካልደረሰ ሕይወቷ በከንቱ ያለፈ ይመስላታል። ብሪጊተ ለሥራ ባልደረቦቿ ንቀት እንጂ ሌላ ስሜት የላትም፤ ከእነሱ መለየት ነው ዓላማዋ። መጽሐፉን ጨለማ ያደረገው፣ በእኔ አስተያየት፣ ድህነቱ ወይም ዱላው አይደለም። ጨለማው ያለው እያንዳንዷ ሴት መዳኛዋን ብቻዋን በመፈለጓ ውስጥ ነው፤ አንዷ የምትድነው ሌላዋን አልፋ ስትሄድ ብቻ ነው ብለው ሁሉም ያምናሉ፤ ለሽያጭ የቀረበ ዕቃ ደግሞ አጠገቡ ካለው ዕቃ ጋር ሊተባበር አይችልም።

ወንዶቹም ቢሆኑ ጌቶች አይደሉም። ኤሪክ በልጅነቱ ተደብድቦ ያደገ፣ በደን ሥራ ጉልበቱ የሚሟጠጥ፣ ለማንም የማይታይ ሰው ነው፤ ከበላዩ ያለውን መንካት ስለማይችል ከበታቹ ያለችውን ይመታል። ደራሲዋ ይህን ስታሳይ ምክንያቱን ትናገራለች እንጂ ይቅርታ አታደርግለትም፤ ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው። አንድ ሰው ለምን እንደሚደበድብ መረዳትና መደብደቡን ማቃለል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ደራሲዎች ግን የመጀመሪያውን ሲያደርጉ ሁለተኛው ውስጥ ይወድቃሉ።

አሁን ወደ አጻጻፉ ልሂድ፤ ምክንያቱም መጽሐፉን የሚጀምር ሰው የሚቸገረው በታሪኩ ሳይሆን በድምፁ ነው። በጀርመንኛ ማንኛውም ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ ይህ የጽሕፈት ሕግ ነው። ዬሊኔክ ይህን ሕግ ጥላ መጽሐፉን በሙሉ በትናንሽ ፊደላት ጻፈችው። የሰው ስም፣ የአገር ስም፣ የዐረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ ሁሉም አንድ ቁመት አላቸው። አጥብቃ ልታሰማው የፈለገችውን ቃል ብቻ ከዳር እስከ ዳር በትላልቅ ፊደላት ትጽፈዋለች፤ በመክፈቻው ላይ አገሪቱን የሚገልጸው «ውብ» የሚለው ቃል እንዲህ ነው የተጻፈው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህን በአማርኛ ማስተላለፍ አይቻልም፤ ነገር ግን ስሜቱን መገመት ይቻላል። «ብሪጊተ» የሚለው ስም «ጡት ማስያዣ» ከሚለው ቃል በላይ ቀና ብሎ እንዳይታይ ተደርጓል።

ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ተደጋጋሚ ናቸው፤ ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ እንቅስቃሴ ደጋግሞ እንደሚያደርግ ሁሉ አንድ ሐሳብ በጥቂቱ እየተለወጠ ይመላለሳል። ቃላቱ የራሷ አይደሉም። ከርካሽ የፍቅር መጽሔት፣ ከማስታወቂያ፣ ከምሳሌያዊ ምክር፣ ከመንደር ሐሜት እየለቀመች ጎን ለጎን ታስቀምጣቸዋለች። ጳውላ «ፍቅር» ስትል የምትጠቀምበት ቃል በሙሉ የተገዛ ነው፤ ለስሜቷ የራሷ ቋንቋ አልተሰጣትም። የስዊድን አካዳሚ ሽልማቱን ሲሰጣት የማኅበረሰቡ የተለመዱ አባባሎች ሰውን የመግዛት ኃይል እንዳላቸው በማጋለጧ አመሰገናት፤ ያ ምስጋና ከሌሎቹ መጽሐፎቿ ሁሉ ይልቅ ለዚህኛው የተጻፈ ይመስለኛል። ሰውን የሚያስረው ሰንሰለት ከብረት ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ጳውላ ባየችው ነበር። የእሷ ሰንሰለት «ዕድሌ ነው»፣ «ባሌ ይለወጣል»፣ «ልጅ ሲመጣ ሁሉም ይስተካከላል» ከሚሉት ቃላት የተሠራ ነው፤ እነዚህን ቃላት በአማርኛ የማያውቃቸው ሰው የለም።

ለዚህ መጽሐፍ የሚቀርብ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ደራሲዋ ገጸ ባሕርያቷን አትወዳቸውም፣ ከላይ ሆና ታያቸዋለች፣ የውስጥ ሕይወት ነፍጋቸው እንደ አሻንጉሊት ታንቀሳቅሳቸዋለች ይላሉ። ለተቃውሞው ክብር አለኝ፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ጳውላ ትንሽ ርኅራኄ ይገባት ነበር ብዬ አዝኛለሁ። ደጋግሜ ሳስበው ግን ርኅራኄው የት እንደተቀመጠ የገባኝ መሰለኝ። ተራኪው ለጳውላ ቢያለቅስላት፣ አንባቢም አብሮ አልቅሶ ልቡ ይቀልለትና መጽሐፉን ይዘጋ ነበር። ተራኪው ስለማያለቅስ ኀዘኑ አንባቢው ላይ ይቀራል፤ ከእሱ የሚቀበለው ሰው የለም። ደግሞም ገጸ ባሕርያቱን እንደ አሻንጉሊት የሚያንቀሳቅሳቸው ነገር ምን እንደሆነ ነው መጽሐፉ በሙሉ የሚያሳየው፤ ነፃ ሰዎች አስመስላ ብትስላቸው ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ ነውን? የውስጥ ልብስ ስፌት ከአውሮፓ ከተሞች ተነሥቶ ርካሽ ጉልበት ፍለጋ አገር ላገር ተጉዟል፤ ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዱም ኢትዮጵያ ነው። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ አንድ የንግድና የሰብዓዊ መብት ጥናት ማዕከል በ2019 ባወጣው ዘገባ የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር እንደነበረ፣ ይህም ለዓለም ገበያ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጽፏል። ጥር 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ የምትልክበት ዕድል ሲታገድ ደግሞ የእነዚህ ሴቶች ወንበር እነሱ ባልተጠሩበት ስብሰባ ምን ያህል እንደሚነቃነቅ ታየ። የሐዋሳዋ ሠራተኛ ብሪጊተ ናት ማለቴ አይደለም፤ ቤተሰቧ ሌላ ነው፣ እምነቷ ሌላ ነው፣ ወደ ፋብሪካው የመጣችበት ተስፋም የራሷ ነው። ነገር ግን «ከዚህ የምወጣው በምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቅ በፊቷ የሚቀርቡላት መልሶች ያንኑ የሚመስሉ ናቸው፤ ትምህርት፣ ስደት፣ ወይም ባል።

ለዚህ ነው በመጽሐፉ ውስጥ ትልቁ ነገር ጳውላ በአሥራ አምስት ዓመቷ ያነሣችው ጥያቄ ነው የምለው። ሙያ ነው የጠየቀችው። በአማርኛ ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። ወንድ «ባለሙያ ነው» ሲባል ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም አናጢ መሆኑን እንረዳለን፤ ሴት «ባለሙያ ናት» ስትባል ግን ብዙ ጊዜ ወጧ እንደሚጣፍጥ ነው የምንረዳው። የጳውላ ወላጆች ሊሰጧት የፈለጉት ሁለተኛውን ሙያ ነበር። እሷ የፈለገችው የመጀመሪያውን ነው፤ ጨርቁን ራሷ መርጣ፣ ልኩን ራሷ ወስዳ፣ ቆርጣና ሰፍታ፣ አንድ ሙሉ ልብስ በእጇ አውጥታ ዋጋውን ራሷ የምትናገርበትን። ያን ብትይዝ ኖሮ ገላዋን በፍቅር ስምም ሆነ በገንዘብ ወደ ገበያ ማውጣት ግዴታዋ አይሆንም ነበር።

በመጨረሻው ገጽ አካባቢ ጳውላ ስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ ትታያለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ዕቃ ይህ ነው። የምትሰፋው ግን ሙሉ ልብስ አይደለም፤ ለማታውቃት ሴት የሚሸጥ የጡት ማስያዣ ነው፣ ቅርጹን ሌላ ሰው ወስኖታል፣ ዋጋውንም ሌላ ሰው ይናገራል። ብሪጊተ ከዚያ ወጥታለች። ተራኪውም እንደገና ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሳል፤ ሸለቆና ኮረብታ የሞላባትን ይህችን ውብ አገር ያውቋታል ወይ?